ሁሉም ሦስት ቀኑ ነው

በእኛ አገር አዲስ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው ሥልጠና አንድ ቃል ብቻ ነው። «በርታ!» ይሉታል። የምደባ ደብዳቤውን ይቀበሉታል፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ዘወር አድርገው ያዩታል፣ ቁልፍ ያስጨብጡታል፣ ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «በርታ» ብለውት ወደ ስብሰባቸው ይሄዳሉ። በምን እንደሚበረታ፣ ሳይበረታ ቢቀር ደግሞ ማን እንደሚጎዳ የሚነግረው የለም። መምህሩም እንዲሁ ነው የጀመረው፣ ፖሊሱም፣ የግብርና ባለሙያውም። እናንተም እስቲ የመጀመሪያ ቀናችሁን አስታውሱ። ያገኛችሁት አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበርና አንድ «በርታ» አይደለም?

እኔ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መተማ ቆላ ነው። ፈጀሁት የምለው እንድታዝኑልኝ ፈልጌ ሳይሆን ደክሞኝ ነው። የደከመው ሰው ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ካላወራ አይሆንለትምና ታገሡኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ለሥልጠና ተጠራን። ደብዳቤው ላይ ያለው ርዕስ «ኮቺንግ» ይላል። አንዱ ባልደረባዬ አንብቦ ሲጨርስ፣ «በዚህ ዕድሜያችን የኳስ ቡድን ሊያቋቁሙን ነው እንዴ?» አለ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ነባር ሠራተኛ ገና ሥራ የጀመረውን ከጎኑ አስቀምጦ፣ እያሳየና እያረመ ሙያውን እንዲያስጨብጠው ነው የተፈለገው። መልካም ሐሳብ ነው። መልካም ሐሳብ ሁሉ ወደ እኛ የሚመጣው አዳራሹ እንደ ምድጃ በሚግልበት ወር መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ የታደለውን ጽሑፍ አጣጥፎ ይራገብበታል፤ ያ ወረቀት በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ጠቅሞ አያውቅም። እኔ ብቻ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ቁጭ ብያለሁ። «አንተማ የለየልህ ቆለኛ ሆነሃል» አሉኝ፤ እኔም ኮራሁ። ሰውነቴም ቢሆን ቆለኛ እየሆነ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቻለሁ። ቆላ ሰውን ያደርቃል፣ ይታወቃል።

አሠልጣኟ ከከተማ የመጣች፣ ላብ እንኳ የሚፈራት የምትመስል ንጹሕ ወጣት ናት። «ሥራ ስትጀምሩ ኮች የነበራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አለች። አንድም እጅ አልወጣም። የእኔም አልወጣም። ልጅቱ የጠበቀችውን ስላገኘች ደስ ብሏት ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዜሮ ጻፈችና ዙሪያውን በቀይ ከበበችው። ያን ዜሮ እያየሁ ጋሽ መኳንንት ትዝ አሉኝ፤ አፈርኩም። እጄን ላወጣ ስል ግን ወደሚቀጥለው ገጽ አልፋለች።

ጋሽ መኳንንትን ላስተዋውቃችሁ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ከኮኪት ወጣ ብላ፣ በሰሊጥ እርሻ መሀል በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ ነበር። ጋሽ መኳንንት የዚያ ጤና ረዳት ናቸው። ጤና ረዳት በማዕረግ ከነርስ በታች ነው። በዕድሜ ግን እሳቸው እኔንም ጤና ጣቢያውንም ይበልጣሉ። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ነጭ ጋውናቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ የውስጥ ሸሚዛቸውን ያሳያል። የመጀመሪያው ቀን ደብዳቤዬንም ዲፕሎማዬንም ዞር ብለው አላዩም።

«ሁለት ሳምንት እስክሪብቶ አትያዝ» አሉኝ። «ወንበርህን አምጣና ከጎኔ ተቀመጥ። ስጠይቅ ስማ፤ ስነካ እይ።»

«እኔኮ ነርስ ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት የተማርኩት የጤና ረዳት እጅ ሳይ ልውል ነው? በማግሥቱ ሁለተኛውን ክፍል አስጠርጌ የራሴን ጠረጴዛ ዘረጋሁ። እሳቸውም ቁልፉን ሰጡኝና «በርታ» አሉኝ። ያቺን ቃል ለስድብ ስትውል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወቅቱ የሰሊጥ ነበር። በሰሊጥ ጊዜ ያ ቆላ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ በሚወርድ የቀን ሠራተኛ ይሞላል። ግማሹ ታሞ ወደ እኛ ይመጣል። ሥራዬ ቀላል መሰለኝ። ምንህን ነው? ትኩሳት። ስንት ቀን ሆነህ? ሦስት ቀን። ወባ ነው፣ እንካ ኪኒን፣ የሚቀጥለው ይግባ። የሚቀጥለውም ሦስት ቀኑ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። መዝገቤ ከላይ እስከ ታች «ሦስት ቀን» ሆነ። እኔም ሊቁ ተገረምኩና በሩብ ዓመት ሪፖርቴ፣ «በአካባቢያችን ኅብረተሰቡ በታመመ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ጤና ተቋም የመምጣት ጥሩ ልምድ አዳብሯል» ብዬ ጻፍኩ። ገንዳ ውሃ ላይ ሲነበብ ተጨበጨበልኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አሁን ሳስበው ላብ ላብ ይለኛል።

ካጨበጨቡልኝ በኋላ ነው ፈንታ የሚባል የጎጃም ወጣት የመጣው። ትኩሳት አለው፣ ሦስት ቀኑ ነው። የወባ ኪኒን ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ትኩሳት፣ አሁንም ሦስት ቀን። ኪኒኑን በትክክል አልወሰድከውም ብዬ ተቆጣሁትና እንደገና ያንኑ ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። በሦስተኛው ጊዜ አራት ጓደኞቹ በጋቢ ተሸክመው አመጡት። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ክንዱ ቆዳ ብቻ ሆኗል፣ ሆዱ ግን ተነፍቷል። መዝገቤን ገልጬ «ስንት ቀን ሆነህ?» አልኩት። እንዴት እንደጠየቅሁት እኔም አላውቅም። በዚህ መሀል ጋሽ መኳንንት ከክፍላቸው ወጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ከወዴት ነህ?»

«ከቋሪት።»

«እዚህ የደረስኸው ለመጀመሪያው አረም ነው ለሁለተኛው?»

«ለመጀመሪያው።»

«መጀመሪያ ብርድ ብርድ ያለህስ? በየትኛው ሥራ ላይ?»

ፈንታ ትንሽ አሰበ። «ሁለተኛውን አረም ስንጨርስ ነው፣ ጋሼ። ግና ያነዜ አልታመምሁም ነበር። እሠራ ነበር እኮ።»

ሰዉ ሰሊጡን ካጨደ ቆይቶ፣ በዚያን ሰሞን የደረቀውን እያራገፈ ነበር። ሁለተኛው አረም ካለቀ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ትኩሳት ይዞ ሠርቷል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሦስት ቀን ብዬ ጽፌበታለሁ።

ጋሽ መኳንንት መዳፎቻቸውን እርስ በርስ አሹ፣ እጃቸው ሲሞቅ ከግራ ጎድኑ ሥር አስገብተው ቀስ ብለው ዳበሱት። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው እዚያው ላይ አኖሩት። ጣፊያው አብጦ እስከ እምብርቱ ወርዷል፤ ድንጋይ የነካሁ መሰለኝ። «ይሄ ተማም አይደለም» አሉ። ተማም ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ደህና ለማለት የሚሏት ናት፤ እኛም ከሱዳን ብዙ ነገር እንደምናስገባው አስገብተናታል። በሽታው ካላዛር ነበር። ግራር ሥር የሚተኛውን ሠራተኛ ትንሽ ዝንብ ነክሳ የምትሰጠው፣ ወባ ነው እየተባለ ሲታከም ሰው የሚጨርስ፣ ሆስፒታል ተኝቶ በየቀኑ በሚወጉት መርፌ ካልሆነ የማይለቅ በሽታ ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ፈንታ አይተርፍም ነበር። እኔ እኮ ኪኒን ሰጥቼ ልመልሰው ነበር።

በትራክተር ተጎታች እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል ላክነው። አቧራው ሲረግፍ ጋሽ መኳንንት ሳይቆጡ አስረዱኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እነዚህ ልጆች መስመር ይዘው ነው የሚሠሩ። ከመስመር እስካልወጣ ድረስ አንዱም ታምሜአለሁ አይልህም። የወደቀ ቀን፣ ነገ ይሻለኛል ብሎ ይተኛል። በሁለተኛው ቀን ጓደኞቹ ውሃ ያጠጡታል። በሦስተኛው አለቃቸው ካቦው ከካምፕ ያወጣዋል። አንተ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ሦስት ቀኑ ነው። ሕመሙን ብትጠይቀው አይነግርህም፤ ሥራውን ጠይቀው።»

በማግሥቱ ወንበሬን ተሸክሜ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ሁለት ሳምንት እስክሪብቶ አልያዝኩም። እሳቸውም «ዘገየህ» እንኳ ሳይሉኝ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ፈንታ ተረፈ። በዓመቱ አረም ሲጀመር ድኖ፣ ወዝ አግኝቶ፣ ከአገሩ አንድ ዘንቢል ነጭ ሽንኩርት ይዞ መጣ። አምጥቶም እኔ እግር ሥር አስቀመጠና ጉልበቴን ሳመ። «ዶክተር፣ አንተ ነህ ያተረፍኸኝ» አለ። ያን ዕለት ሕመሙ አናቱ ላይ ወጥቶ ስለነበር የሚያስታውሰው የእኔን አዲስ ጋውን ብቻ ነው። ጋሽ መኳንንት በር ላይ ቆመው ነበር። እሳቸው ናቸው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ፈንታ መርቆኝ ሲሄድ ጋሽ መኳንንት ዘንቢሉን አየት አድርገው፣ «የደጋ ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ነው፤ ለእኔም ቆንጠር አድርግልኝ» አሉኝ። ግማሹን ሰጠኋቸው። ግማሽ መስጠቴን እንደ ቸርነት ቆጥሬው እንደነበር ስነግራችሁ አላፍርም ማለት አልችልም።

ጡረታ የወጡ ዕለት ለስላሳ ጠጥተን ሸኘናቸው። የምስክር ወረቀት የሰጣቸው የለም፤ ኮች መሆናቸውን እሳቸውም ሳያውቁ ነው ያረፉት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዜሮው ሲከበብ እጄ ጭኔ ላይ እንደተኛ የቀረው እሳቸውን ክዶ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ከሥልጠናው ስመለስ አንዲት ተማሪ ተሰጠችኝ፤ ሲስተር የሺ ትባላለች፣ ትምህርቷን የጨረሰች ገና በዚያ ዓመት ነው። በየወሩ በአራት ቅጂ የሚሞላ ቅጽም አብሮ ተሰጠኝ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ቆላ ወርዶ አያውቅም፤ «ኮቹና ተማሪዋ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ» ይላል። እኔ የማውቀው ዘዴ አንድ ስለሆነ፣ «ሁለት ሳምንት እስክሪብቶ አትያዢ» አልኳት። እሷ እንደኔ አልተቆጣችም። ፈገግ ብላ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተችና ወንበሯን አመጣች። ስለ አረሙና ስለ መስመሩ፣ ስለ ሦስቱ ቀን የማውቀውን ነገርኳት። ከዚያ ውጭ ብዙም ያስተማርኳት አይመስለኝም፤ ይደክመኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ስል እሷ በሽተኛ ታያለች። ድካሙ የዕድሜ ነው አልኩ። ደግሞ ሪፖርት አለ፣ ዘመቻ አለ፣ ማን ሊያርፍ?

አንድ ሰኞ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ቤቴ ዋልኩ። ነገ ይሻለኛል አልኩ። ማክሰኞ ጎረቤቴ አጥሚት አመጣችልኝ። ረቡዕ አከራዬ ባጃጅ ጠርቶ አሳፈረኝና ጠዋት ጤና ጣቢያው ደረስኩ። የገባሁት በበሽተኛው ወንበር በኩል ነው።

«ምነው ጋሼ?» አለች ሲስተር የሺ ብድግ ብላ።

«ትንሽ ትኩሳት ቢጤ ነው። የወባ ኪኒን ስጪኝና ልሂድ።»

«ስንት ቀን ሆነዎ?»

«ሦስት ቀን።»

መዝገቡ ላይ ልትጽፍ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና አለች። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀበቶዬን፣ ከዚያ ፊቴን አየች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ብርድ ብርድ ያለዎ ሪፖርቱን ሲጽፉ ነው፣ ክትባት ዘመቻው ላይ ነው፣ ወይስ ከዚያ በፊት?»

ያን ጊዜማ አልታመምኩም ነበር፣ እሠራ ነበር እኮ ልላት አፌን ከፈትኩ። የፈንታ ቃል መሆኑ የገባኝ ምላሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ያ ምድጃ አዳራሽ፣ ያ ሁሉ የሚራገብ ሰው፣ እስከ አንገቴ የተቆለፈው ጃኬቴ መጣብኝ።

«ሥልጠናው ላይ ነው» አልኳት።

አልጋው ላይ አስተኛችኝ። ከዚያ መዳፎቿን እርስ በርስ አሸች፣ እስኪሞቁ ጠበቀችና ከግራ ጎድኔ ሥር አስገባቻቸው። እጅሽን አሙቂ ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ፊቷን እያየሁ ጠበቅሁ፤ ፈርቼ ነበር።

«ይሄ ተማም አይደለም፣ ጋሼ» አለች። ጋሽ መኳንንትን አይታቸው አታውቅም።

ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል ነው። በጊዜ ስለደረስኩ እድናለሁ ብለውኛል። ባለፈው ሳምንት ሲስተር የሺ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ያንን ቅጽ በአራት ቅጂ ይዛ መጣች፤ «የኮቹ አስተያየት» በሚለው ላይ ብዙ ነገር ልጽፍ አስቤ እጄ ቢደክምብኝ «በርቺ» ብዬ ፈረምኩ። የሥልጠናው ሁለተኛ ዙር ገንዳ ውሃ ላይ በቅርቡ ይሰጣል ይባላል። እሄዳለሁ። ያቺ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ከጠየቀች እጄን አወጣለሁ፤ መርፌውን የሚወጉኝ መቀመጫዬ ላይ ስለሆነም የማወጣው ቆሜ ነው።