ሊቀ ጡብ ከተማ

እንግሊዝ አገር ከርሞ የመጣ ሰው ቋንቋውን ይረሳል፣ ዝናቡንም ይረሳል፤ የኖረበትን ቤት ግን አይረሳም። አይርሳ! ግን ምናለ ዝም ቢል?

የጄኔቫ ሐበሻ ክቡር አቶ ከተማን «ሊቀ ጡብ» የሚላቸው በክፋት አይደለም። በተማሪነታቸው እንግሊዝ አገር የኖሩበት ቤት ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት በተከታተሉበት ዘመን የታነጸ፣ ቀይ የጡብ ቤት ነው። «በሩ መሀል ላይ፣ እንደ አፍንጫ! መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል፣ እንደ ዓይን! ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ መስኮቱ እያጠረ ይሄዳል!» ይህን ክርስትና ላይ ተናግረዋል፣ ሠርግ ላይ ተናግረዋል። አንዴማ የሬሳ ሳጥኑ እጀታ ግራና ቀኙ አልተካከለም ብለው ቀብር አስቁመዋል። አዲስ አበባ መሰሉን ሊያሠሩ ጀምረው ነበር። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ከሌላው ቪላ፣ ከእሳቸው የመሠረት ጉድጓድ ወሰደ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ግን ያለ እሳቸው አይሆንላትም። ከስዊስ የስደተኞች ቢሮ «ልጅሽ ከአዲስ አበባ እንድትመጣ በቂ ቤት ይኑርሽ» ተብላለች። ሻትሌን በሚባለው ሰፈር ባለሁለት ክፍል ተገኝቷል፤ ፈረንሳይኛ የሚያስተረጉሙላት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ ስለዚያ ቤት ትንፍሽ እንዳይሉ!»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

አከራዩ ቤቱን ሲያሳይ ከተማ መስኮቱን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ላብ አጠመቃቸው። እስከ ወጥ ቤቱ ቻሉት። ከዚያ ፈረንሳይኛው ገነፈለ። ሙሉወርቅ ቋንቋውን ባትሰማም እጃቸው በአየር ላይ አፍንጫና ዓይን ሲሥል አየች። ለካ ቤቱን ያሠራው የአከራዩ አባት ኖሯል! ሰውየው ፊቱ ቀልቶ የመውጫውን በር አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ልጄን አስቀሩብኝ» አለች መንገድ ላይ። ሊቀ ጡብ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገዱን ቤቶች ቀና ብለው ሳያዩ አለፉ።

በሳምንቱ ቬርኒየ ሰፈር ራሳቸው የተከራዩትን ቤት ውል በስሟ አዛውረው ቁልፉን አመጡላት።

«እንዳታመሰግኚኝ! በሩ ጥግ ላይ ነው፤ ስገባ ስወጣ ያመኛል» ብለው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር፣ ወዳጃቸው ወልደሥላሴ ዘንድ ሊዳበሉ ሄዱ።

ልጅቷ በገባች ማግስት ስልክ ጮኸ። ወልደሥላሴ ናቸው።

«ሙሉወርቅ፣ በወላዲቷ፣ ይህን ሰውዬ ውሰጂልኝ! አልጋዬን ከግድግዳው ነቅሎ መሀል ወለል ላይ አስተኝቶኛል፤ እንደ አስከሬን!»

ሙሉወርቅ ሳቋ እንባዋን ቀደመው። ሶፋው ላይ የተኛችውን ልጇን ዞር ብላ አየች።

«እሁድ በመጀመሪያው ባቡር ጋሼ ከተማን ይላኩልኝ» አለች። «በጠዋት ይድረሱ፤ ለልጄ የሚያወሩላት ብዙ ነው።»