ትቼው የመጣሁት ባና

ሰው መከራውን ማውራት ይወዳል። አትዋሹ፣ እናንተም ትወዳላችሁ። ሌባ ቤታችሁን ቢሰብር ጎረቤት ተሰብስቦ «ዋናው ጤና ነው፣ ዕቃ ይተካል» ይላል፤ ቢያማችሁ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ባል ጥሏችሁ ቢሄድ እንኳ «እኔ ድሮም ፊቱ አላማረኝም» የምትል አንዲት ደግ ሴት አትጠፋም። እስቲ ትኋን ገባብኝ ብላችሁ አውሩ። አጽናኙ ሁሉ ቀሚሱን ሰብስቦ ይነሣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ የኖሩት አባቶቻችን፣ እነሱ ራሳቸው የደበቁትን ማን አየባቸው?

እኔ ደብሬ እባላለሁ። ከጉና ሥር ከገብስ አገር ተወልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር የሰው ቤት ሳጸዳ ኖሬ፣ አሁን ደብረ ታቦር በአንዲት የስፌት መኪና የምተዳደር ሴት ነኝ። እመቤቴ የበሩን ጉበን በነጭ ጨርቅ እየዳበሰች አቧራ ስታጣ የምታኮርፍ ነበረች፤ ቤቷን እንዲያ አድርጌ ነው የያዝኩት። አገሬ ስገባ ግን አንዲት የጭቃ ክፍል አቃተችኝ። ላምባ ቀባሁ፣ ፍሊት ነፋሁ፣ የአልጋውን እንጨት በፈላ ውሃ ለበለብኩ። ትኋኑ ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥቶ ወደ ኮርኒሱ ይሰደዳል፤ ሽታው ሲበርድለት ይመለሳል። መሰደድና መመለስን እኔም አውቀዋለሁና አልፈረድኩበትም።

ያከራዩኝ እማማ ጠጅቱ ይባላሉ፤ ልጆቻቸው ሁሉ ከተማ ገብተው የቀሩባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ደግ ናቸው፤ ጉድ ያደረገኝም ደግነታቸው ነው። በገባሁ ሳምንት የጉና ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ አይተው የገዛ ባናቸውን፣ ያን ከበግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ፣ አምጥተው አለበሱኝ። ባናው ሞቀኝ። ትኋኑንም ሞቀው። አንድ ቀን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ በዚህ ሰፈር ትኋን አለ እንደሚባል ባነሣባቸው፣ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ «በሌላው ቤት ይሆናል። በኔ ቤት ኖሮ አያውቅም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ታላቅ ሰው ዋሹ አይባልም። እያከክሁ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ንክሻውንስ እችለው ነበር። የማርያም ማኅበር ገብቼ ነበር፤ ጽዋው በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተረኛዋ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ አሥራ ሁለት ሴት ቤቷ ታስቀምጣለች። እኔ የት ላስቀምጣቸው? ከአንዷ ቀሚስ ላይ አንዲት ትኋን ስትሄድ ብትታይ አገር ጥዬ መጥፋቴ ነው፤ እሱን ደግሞ አንዴ ሞክሬዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ አሞኛል አልኩ። ወደሚቀጥለው ወር አሸጋገሩልኝ። ያን ጊዜ ይፋግ ያለው ወንድሜ ታሟል አልኩ፤ ይፋግ ወንድም የለኝም። በሦስተኛው ወር ሳይጠይቁኝ አለፉኝ። ሰው በሬን ሲያንኳኳ በግማሽ ከፍቼ ቆሜ ማነጋገር ለመድኩ፤ እነሱም አረብ አገር ኩራት ተምራ መጣች ብለው ማንኳኳቱን ተዉት። ትኋን ደሜን ብቻ የሚወስድብኝ መስሎኝ ነበር፤ ሰውም ወሰደብኝ። እንዲህ ሆኜ አሥር ወር ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ሰው የማስቀምጥበት ቤት ይኑረኝ ብዬ ለመልቀቅ ቆረጥኩ። በከተማው ሌላኛው ጫፍ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ስንጥቅ የሌለው ክፍል አገኘሁ። ለእማማ ለሥራዬ ስለሚቀርበኝ ነው አልኳቸው። ልብሴን ቀቅዬ፣ የስፌት መኪናዬን በላምባ ወልውዬ ባጃጅ ላይ ጫንኩ። አልጋውንና ፍራሹን ተውኩ። ባናው ደግሞ አይቀቀል ነገር፣ የበግ ጠጉር በፈላ ውሃ ተኮማትሮ ያልቃል፤ አጣጥፌ ከበሩ ኋላ አኖርኩት። እማማ እንባቸውን እየጠረጉ መርቀው ሸኙኝ። እኔ ግን ባጃጁ ሲነሣ ደስ አለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

አዲሱ ቤት ንጹሕ ነው። አዲስ አልጋና ስድስት በርጩማ ገዛሁ፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ስሰፋ እውላለሁ። አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ» ሲለው ሰምቶ፣ «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ማስገባት። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ደንበኛው ልብሱን ሰጥቶ ከደጅ ይመለሳል። የማኅበሩን ሴቶች ገበያ አግኝቼ ሰላም ብላቸው፣ እግዜር ይመስገን ብለውኝ አለፉ። በርጩማዎቹ እንደተገዙ ናቸው። ብቸኝነት አንገበገበኝ፤ የሚነክሰኝ እንኳ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ደጄ ላይ ሰው ቆመ። ቀና ስል እማማ ጠጅቱ ናቸው። ባጃጅ ስለሚፈሩ ከተማውን ከዳር እዳር በእግራቸው አቋርጠው ላብ አጥምቋቸዋል። ክንዳቸው ላይ ባናው ተጣጥፏል።

«ቤት ለእንቦሳ» አሉ። «ይኸን ረስተሽ፣ በዚህ ብርድ እንዴት ከረምሽ ልጄ?»

እጄ ልማዱ ነውና ሄዶ በሩን ያዘ። ያን ባና አስገባሁ ማለት የሸሸሁትን ሁሉ አስገባሁ ማለት ነው። ሥራ ይዣለሁ ብዬ ከደጅ ልመልሳቸው እችላለሁ፤ በዚህ የሚያህለኝ የለም። እሳቸው እጄን በሩ ላይ ሲያዩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ለምን እንደወጣሽ አውቃለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የለም ያልኩሽ አፍሬ ነው። አሁን ግን አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ትኋኑም ጠፍቷል። የኔ ደም አይጥመውም መሰለኝ። ብቻዬን ነው የቀረሁት።»

ትኋኑ የት እንደገባ እኔ አውቃለሁ። ክንዳቸው ላይ ነበር።

«እንቦሳ እሰሩ እማማ፣ ይግቡ» አልኳቸው። በርጩማው ለጉልበታቸው አይሆንም ብዬ አዲሱ አልጋ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ባናውን ተቀብዬ ጭናቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው። እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ እኔም ምን ቀረኝ፣ ባናውን ረስቼው ሳይሆን ትቼው እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ። «ታዲያ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ?»

እስኪመሽ ተጫወትን። በርሽን የዘጋሽው በኩራት እንዳልነበር ለማኅበሩ ሴቶች እኔ እነግርልሻለሁ ብለውኝ ሄዱ፤ ባናውን ትተውልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ክንዴ ላይ ሦስት ቀይ ነጥብ በተርታ ወጥቶ አየሁ። ላምባ መግዛቱ አይቀርም። ያን ቀን ግን አልገዛሁም። እያከክሁ ስሰፋ ዋልኩ፤ ቤቴ ሰው መግባቱን የሚመሰክርልኝ ንክሻው ብቻ ነበርና።