ደግነት የአራተኛ ክፍል ነው

ያን ዓመት የበልጉ ዝናብ አላባራ ብሎ የሮቤ ጥቁር ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቅ ነበር። ልብስ ቢሰጣ አይደርቅ፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቁጭ።

መቼም ልጅ ያስተማረ ሁሉ፣ ጨዋነትን እንኳ ሳያስፈርም የማይሰጥ ዳይሬክተር ሳይገጥመው አይቀርም። የእኛው ክቡር ርዕሰ መምህር መሸሻ ከሸዋ ተመድበው መጡ። እኔ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነኝ፤ ደወሉም በእጄ ነው። "ሥነ ምግባር በሥርዓት ይመራ!" አሉና መልካም ጠባይን ልክ እንደ ጠመኔ ለመምህራኑ እያስፈረሙ አከፋፈሉ። ሐቀኝነት ለሁለተኛ ክፍል፣ ትዕግሥት ለሦስተኛ፣ ደግነት ለአራተኛ። አንደኛ ክፍል ለምታስተምረዋ ለዙሀይራ ሰዓት ማክበር ደረሳት።

እኔ ብዙም ያልተማርኩት ግራ ገባኝ። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ እስክሪብቶ ወድቆ አገኘችና፣ "እማማ፣ ሐቀኝነት የእኛ አይደለም፤ ልውሰደው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ወደ ዳይሬክተሩ ላክኋት። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው፣ "ለጊዜው እኔ ጋ ይቆይ" ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ዙሀይራ ሁለት ቀን አረፈደች። በሦስተኛው ዳይሬክተሩ መዝገባቸውን ይዘው በር ላይ ጠበቋት።

"ዛሬም?"

"ጋሽ መሸሻ፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ቦይ ሞልቶ ሕፃናቱን ሳሻግር ነው፤ ወላሂ!"

"እሱ ደግነት ነው። ደግነት የአራተኛ ክፍል ነው። አንቺ የፈረምሽው ለሰዓት!"

"አራተኛ ክፍሎች እስኪመጡ ልጆቹ ውሃው ዳር ይቁሙልዎ?"

መዝገቡን ገለጡ፣ ከደኑ፣ ደግሞ ገለጡ። "ነገ ካረፈድሽ ወደ ጎሮ ገጠር መዛወሪያሽ ይጻፋል!" ብለው ገቡ። ዙሀይራ ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ የታመመች እናቷን ሮቤ ላይ የምታስታምም እሷው ብቻ ናት።

በማግስቱ ደወሉ ሊደወል ሲል ጋሽ መሸሻ በሩ ላይ የሉም። ደንግጬ ወጣ ብዬ አየሁ። ክቡርነታቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በሁለት ብብታቸው ሁለት ሕፃን ሸጉጠው፣ ቦዩ መሀል ቆመዋል።

"ዙሀይራ፣ አንቺ ሩጪ! ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው!"

እሷ ከደወሉ ቀድማ ገባች። እሳቸው ሃያ ደቂቃ አርፍደው መጡና ስማቸውን በቀይ ቀለም የአርፋጆች መዝገብ ላይ ጻፉ። ከዚያ ውሃ እያንጠባጠቡ አፈጠጡብኝ።

"እማማ፣ አሁን ይሄ የስንተኛ ክፍል ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ? መጀመሪያ ካልሲዎን ያውልቁ።"

ከእሳቸው ወዲህ ሦስት ዳይሬክተር አይቻለሁ። ደህና ሰዎች ናቸው። ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር የምናፍቀው ያንን ግራ የተጋባ ፊት ነው።

ጋሽ መሸሻ አሁን ጊኒር ናቸው፤ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተዳድራሉ።