እትዬ ለምን እና አዲሱ የጎማ ቦት

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ለምን?» የሚል ሰው ከሌለ፣ ወይ ሠራተኛው ሁሉ ተኝቷል፣ ወይ ሁሉም አለቃ ሆኗል። እርግጥ እንዲህ ያለ ሰው ያደክማል። ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ሲያነሳ፣ ከኋላ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። አውቶቡስ መንገድ ሲቀይር ሾፌሩን የሚያፋጥጠው፣ ፋርማሲ ውስጥ ሰልፉን አቁሞ የመድኃኒቱን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር የሚያነበው እሱ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም አማታችሁ ናት።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ለምን ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የሆቴሉ ልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኞች ነን፤ እሳቸውም «ለምን እንዲህ አላችሁኝ?» ብለው ወዲያው አጸደቁልን። ሃያ ሁለት ዓመት ትልቁን ማጠቢያ ማሽን ይዘው ቆመዋል። እኔ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ወደ ታች አወርዳለሁ፤ ከታች የመጣውን የእትዬን ጥያቄ ግን የትም አላደርሰውም። ወይም አላደርሰውም ነበር።

የእሳት መውጫው በር ለምን እንደሚቆለፍ ጠይቀው አስከፍተዋል። የግድግዳው ሰዓት መግቢያ ላይ ለምን እንደሚቸኩል፣ መውጫ ላይ ለምን እንደሚያዘግም ጠይቀው አደብ አስገዝተውታል። አንድ ቀን ደግሞ «እኔ ስመጣ በረጅሙ የምትተነፍሰው ለምንድን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲመጡ ትንፋሼን ውጬ ነው የምጠብቃቸው።

ታዲያ አንድ ሰኞ አዲስ የጎማ ቦት ታደለን። ወለላችን ሁልጊዜ ውሃ ስለሆነ ያለ ቦት አይሠራም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቦት ነበር። አሥር ቀን ሳይሞላ ክፍሉ ውስጥ እከክ እከክ ሆነ። አንዱ እግሩን በማሽኑ ጠርዝ ይፈትጋል፣ አንዷ አንሶላ እያጠፈች ባንድ እግሯ ሌላውን ትረግጣለች። ቦቱ ሲወልቅ እግራችን ላይ ማሽላ የሚያካክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ፣ እንቅልፍ የሚነሱ ትንንሽ እብጠቶች ታዩ።

ሁሉም ሐኪም ሆነ። ልብስ ተኳሹ የሎሚ ጭማቂ አዘዘ። ልብስ አጣፊው እሾህን በእሾህ ብሎ እግሩን በበረኪና አሸ፤ ቆዳው ተቃጥሎ ሦስት ቀን ካልጋ አልወረደም። ልብስ ለያይዋ ውሃውን በመርፌ አፈሰሰችው፤ መግል ያዘና እግሯ እንደ ሊጥ ተነፋ። ሥራ አስኪያጁም በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፦ «ሠራተኞች የእግራችሁን ንጽሕና ጠብቁ።»

እትዬ ለምን ማስታወቂያውን ጮክ ብለው አነበቡት።

«እኔ በቀን ስምንት ሰዓት ሳሙና ውስጥ ነው የምቆመው» አሉ። «ከዚህ በላይ የት ገብቼ ልታጠብ?»

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። በምሳ ሰዓት ሠራተኛውን አንድ በአንድ ካልሲ እያስወለቁ እግር መመርመር ያዙ። የሚያፍር ነበር፣ የሚቆጣም ነበር፤ ከሠራተኛው ግን ያመለጠ የለም። አሮጌ ቦቷን አሁንም የምታደርግ አንዲት ሠራተኛ እግሯ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የሌሎቻችን እብጠት ደግሞ ቦቱ ጥብቅ አድርጎ በሚይዝበት ቦታ ብቻ ነው፤ ቦቱ ሲያበቃ እሱም ያበቃል።

«ቆሻሻ መስመር ጠብቆ አይሄድም» አሉ እትዬ። በማግስቱም የራሳቸውን አሮጌ ቦት፣ ቀዳዳውን በፕላስተር ለጥፈው፣ አድርገው ገቡ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠርተው፣ አዲሱን ቦት ትተዋል ብለው ለእትዬ የሚሰጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስያዙኝ። ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ፣ በተዋበ ጽሕፈት፣ «ለምን?» ብለው ጽፈው መለሱልኝ።

በእረፍት ቀናቸው አንዱን አዲስ ቦት በፌስታል ይዘው ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ከቦቱ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ ጀርባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲነሳ ሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ እግራቸው ላይ እንዳለው ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። ጎማው ውስጥ ያለ ኬሚካል ቆዳውን አስቆጥቶታል፣ ላብና እርጥበት ደግሞ አባብሶታል አለቻቸው። የሚቀባ ቅባት ሰጠች። አታፍርጡት፣ አትከኩት፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አብርዱት፣ የጥጥ ካልሲ አድርጉ፣ ከሁሉ በፊት ግን ከዚያ ቦት ራቁ አለች።

እትዬ ተኳሹንም ይዘውት ሄደው ነበር። የእሱ ግን በእግሩ ጣቶች መሃል ቆዳውን የላጠ፣ የሚሸት ፈንገስ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ቅባት ታዘዘለት። እትዬ የእሱም የቦቱ ነው ብለው ሲምሉ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ሲያቀረቅሩ አየሁ።

«በዚህ ተሳስቻለሁ» አሉ። «በዚህ ብቻ።»

የሐኪሟን ወረቀት ይዘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገቡ እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ከአለቃዬ ጎን ቆሜ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሳያነቡ ወደ ጎን አደረጉት።

«ያስቀምጡት፣ እናየዋለን» አሉ። «ይሄ የአንድ ሰው ቆዳ ጉዳይ ነው።»

እትዬ በሩን ከፈቱት። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ካልሲውን አውልቆ ቆሟል። ቀይ እግር፣ ያበጠ እግር፣ የተፋቀ እግር። ልብስ ለያይዋ ግድግዳ ተደግፋለች።

«አንድ ቆዳ ነው፣ ልክ ነዎት» አሉ እትዬ። «ሰዉ ነው የበዛው። መልስ ሳናገኝ አንሄድም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ኃላፊያቸው ነህ። አንተም ያንኑ ቦት ነው የምታደርገው። እስቲ ንገራቸው፣ አንተስ ምን ሆንክ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ለሁለት ሳምንት ደብቄአለሁ። ኃላፊ አያሳክከውም ብዬ፣ ጠረጴዛ ሥር እግሬን በወንበሩ ብረት እየፈተግሁ፣ ለሠራተኛው ማስታወቂያ ሳነብ ከርሜአለሁ። እትዬ ያውቁ ነበር፤ ካልሲ ሲያስወልቁ እኔን ብቻ ዘለውኛል። አሁንም አላጋለጡኝም። «ለምን?» ብለው አለመጠየቃቸው ከጥያቄያቸው ሁሉ ከበደኝ።

ጎንበስ ብዬ ለቢሮ የቀየርኩትን ጫማ ክር ፈታሁ። ካልሲዬ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ስስበው አቃሰትሁ። ሥራ አስኪያጁ እግሬን አዩ፣ ወረቀቱን ሳቡት፣ ማንበብ ጀመሩ።

ቦቶቹ በሳምንቱ ተመለሱ፤ ሐኪሟ ያጸደቀችው ሌላ ዓይነት መጣ። የልብስ ለያይዋ እግር ወር ፈጀ እንጂ ዳነ። ማስታወቂያው ተቀደደ። የእኔ ቢሮ ግን ከበፊቱ ባሰ፤ እትዬ አሁን በቀን ሁለቴ ይመጣሉ፤ ስለ ሳሙናው፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ አየር ማስወጫው።

ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቱ ኃላፊ መጣ። የእሱም ሰዎች እጃቸውን ያሳክካቸው ይዟል።

«እትዬን ወደ እኔ ክፍል አዛውርልኝ» አለኝ። «እንዲያው ግን፣ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?»

አስቀምጬ ነገርኩት። ነዝናዛ ናቸው፣ አልኩት። ስብሰባህን ግማሽ ቀን ያስፈጁብሃል። የምትለጥፈውን ወረቀት በሙሉ ያርሙልሃል። ደብዳቤ ብትሰጣቸው አይፈርሙም። ጠዋት ስትገባ በር ላይ ይጠብቁሃል፣ እረፍት ብትወጣ እንኳ ደውለው ያስታውሱሃል። ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምመክርህ፣ ተዋቸው።

ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። ከነገርኩት ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም። የዝውውር ቅጹን ግን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ። የራሱን ይፈልግ።