ጋሼ አባይነህና የላሞቹ ግሳት

በዚህ አገር ስብሰባ የሚያልቀው ሰብሳቢው "እናመሰግናለን" ሲል አይደለም። ሰው ሁሉ ወረቀቱን አጥፎ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ግማሽ መቀመጫውን ከወንበሩ ሲያነሳ ከወደ ኋላ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ትወጣለች። "አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ።" ያቺ እጅ የሌለችበት መሥሪያ ቤት፣ እድር ወይም የወላጆች ኮሚቴ ካለ አድራሻውን ንገሩኝና ቀሪ ዘመኔን እዚያ ልኑር።

እኔ ብዙ እጅ አውጪዎችን አውቃለሁ። ሌሎቹ ግን ዲያቆናት ናቸው፤ ጳጳሱ አንድ ናቸው። እሳቸውም ክቡር አቶ አባይነህ፣ የላፍቶ ነዋሪ፣ የእንስሳት ባለሙያ፣ በመሥሪያ ቤታችን የረጅም ዘመን አገልጋይ፣ የሦስት ተከታታይ ሰብሳቢዎች የደም ብዛት መነሻ።

ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም ነው። ጥያቄ ከመጠየቃቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ያን ጊዜ ምሳ የቀጠረ ሰው ቀጠሮውን ወደ እራት ያዞራል።

ቦታ አይመርጡም። አንድ ጎረቤታችን ሞተው ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ ነበር። "በ1920 ተወልደው፣ በ1928 ለአገራቸው ዘምተው..." ሲባል ከለቀስተኛው መሀል እጅ ወጣ። "ይቅርታ፣ በስምንት ዓመታቸው ነው የዘመቱት?" አንባቢው ደነገጠ፤ ልጆቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። እንባዋን ስትጠርግ የነበረችው ባለቤታቸው "እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠይቃቸው ነበር" አለችና ሳቋ አመለጣት።

ለሴት ልጃቸው ሽማግሌ የተላከ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ከቀትር በኋላ ገብተው ሲመሽ ነው የወጡት። አንደኛው በር ላይ ቆመው "ልጅቷን ባይሰጡንም ግድ የለም፤ ብቻ ይልቀቁን" ብለዋል ይባላል። ልጅቷ ተሰጠች።

እኔ ከእሳቸው ጋር የተዋወቅሁት በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ጨርሼ የተቀጠርሁ፣ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬን ያልፈጸምሁ ልጅ ነበርሁ። መስከረም ላይ ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ክልሉ (ከተማችን ያን ጊዜ ራሷን የቻለች ክልል ነበረች) የሙቀት አማቂ ጋዞች መቀነሻ ስትራቴጂ በሦስት ወር ውስጥ አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ የሚል ነው። በደብዳቤው ውስጥ የምናውቀው "በሦስት ወር ውስጥ" የሚለውን ብቻ ነበር።

የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ሚሳኤል ግን ደስ አላቸው። ውጭ አገር የአራት ወር ኮርስ ወስደው በቅርቡ ተመልሰዋል። ከኮርሱ ያመጡት አንድ ጥቁር የሰነድ ሻንጣና "ስትራቴጂ" የሚለውን ቃል ነው፤ ሁለቱንም ከእጃቸው አይለዩም። ሰባት ሰው ያለው ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔ እድላዊት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንሁ።

"ከመኪና፣ ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከከብት የሚወጣው ጋዝ ሰማይ ላይ ተሰብስቦ ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል። ምድር ይሞቃታል" ብለው አስረዱን። የጥቅምት ብርድ ነው፤ ሰባታችንም ሹራብ ደርበን እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተናል። የአንዳንዱ ፊት "ቢሞቃትስ ምን አለበት?" ይል ነበር። አቶ ሚሳኤል "እናመሰግናለን" አሉ። ተነሣን። መነጽሩ ወለቀ።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ።"

"ያቅርቡ፣ በአጭሩ" አሉ አቶ ሚሳኤል።

"ይኸ ጋዝ ከኛ ክልል በዓመት ምን ያህል ይወጣል?"

"እሱ በጥናት የሚታወቅ ነው።"

"ጥናቱ የት አለ?"

"ስትራቴጂው ውስጥ ይካተታላ!"

"ገባኝ። እንግዲያው ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ነው በስንት እንደምንቀንሰው የምንወስነው?"

አቶ ሚሳኤል ሻንጣቸውን ጧ አድርገው ዘጉ። "በጣም ጥሩ! እርስዎ ይቁጠሩት። እድላዊት ትከተልዎታለች።"

ይኸ ቅጣት ነበር። ጋሼ አባይነህ ግን የሹመት ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው ፈካ አሉ። ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ልጅ፣ ቦት ጫማ አለሽ?" አሉኝ።

አልነበረኝም። ገዛሁ። ያን ጊዜ ላፍቶ እርሻ ነው፤ ጤፉ ደርሶ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ መሀል ለመሀል አዳዲስ ቤቶች ብቅ ብቅ ብለዋል። ከነፋስ ስልክ እስከ ላፍቶ በየግቢው እየገባን ከብቱን፣ ኩበቱን፣ ከሰሉን መዘገብን። ጋሼ አባይነህ የሰው ቃል አያምኑም። "በቀን ሁለት ቁና ከሰል" ያለን ሰው ቁናውን አስመጥተው ይለካሉ። ቆጥረን ከወጣንበት ግቢ "የጥጃዋን ዕድሜ ረሳሁት" ብለው ይመለሳሉ። ውሻ ሁለት ጊዜ አባረረን፤ ሁለተኛውን ውሻም ጾታውን መዘገቡት።

ከሁሉም የማልረሳው የወይዘሮ ሐሚዳን ግቢ ነው። ወይዘሮ ሐሚዳ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ወተት እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ምላሳቸው የማይደክም ሴት ናቸው። መንግሥት ደብተር ይዞ ሲመጣ በሩን በአካላቸው ሞሉት።

"ስንት ላም አለዎት?" አሉ ጋሼ አባይነህ።

"ሁለት።"

ከጓሮ እምቧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሼ አባይነህ በጣታቸው ቆጠሩ። "አራት ድምፅ ነው የሰማሁት።"

"ሁለቱ እንግዶች ናቸው፤ ወላሂ። ግን ለምንድነው የምትቆጥሩት?"

"ከላም የሚወጣ ጋዝ አለ። አየሩን ያሞቃል ተብሎ..."

ወይዘሮ ሐሚዳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ያ ረቢ! ደግሞ ለላም ፈስም ግብር መጣ?"

"የለም፣ የለም" አሉ ጋሼ አባይነህ፣ ፊታቸው ላይ ቅንጣት ፈገግታ ሳይኖር። "በሕዝቡ ዘንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። አብዛኛው የሚወጣው በፊት በኩል ነው፤ በግሳት። አሁን አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ፤ በሰዓት ስንት ጊዜ ያገሳሉ?"

ወይዘሮ ሐሚዳ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ በሩን ለቀቁልን። ያን ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት የላም አፍ ስር ቁጭ ብለን ግሳት ቆጠርን። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ዲግሪ ጭኜ! ጋሼ አባይነህ "ይኸ አልተቆጠረም፣ ማዛጋት ነው" እያሉ ያርሙኛል። ወይዘሮ ሐሚዳ ወተት አጠጡን፤ ስንወጣም ከጀርባችን ለጎረቤታቸው "ጤነኞች ናቸው፤ ትምህርት ነው ያበዙት" ሲሉ ሰማሁ።

ኅዳር አልቆ የቆጠርነው ግማሹን እንኳ አልሞላም። የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። እዚህ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ሦስት ቀን ሲቀር አቶ ሚሳኤል ቢሯቸው ጠሩኝና ከኮርሱ ይዘውት የመጡትን፣ የአንድ ሩቅ አገር ክፍለ ግዛት ያዘጋጀውን ወፍራም ሰነድ ከሻንጣው አወጡ። "ይኸን ተርጉሚው። የቦታውን ስም አውጥተሽ 'ክልላችን' በይው። ቁጥሩን እንዳትነኪ፤ ቁጥሩ ያምራል" አሉኝ።

"የጋሼ አባይነህ ቆጠራስ?" አልሁ።

"የሙከራ ጊዜሽ ጥር ላይ ነው አይደል የሚያልቀው?" አሉኝ።

ተረጎምሁት። አንገቴን ደፍቼ፣ የምተረጉመውን እንኳ ሳላመዛዝን፣ ሦስት ቀን ታይፕ መታሁ። ኮሪደር ላይ ጋሼ አባይነህን ሳገኛቸው ሰላምታዬን አሳጥሬ አልፍ ነበር።

የማቅረቢያው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ከበላይ አካል አንድ ትልቅ ሰው መጥተው መሀል ተቀምጠዋል። የኅብረተሰብ ተወካይ ያስፈልጋል ስለተባለ ወይዘሮ ሐሚዳ ተጋብዘው፣ አዲስ ሻሽ አስረው ከጎኔ ተቀምጠዋል። የምሳው ሽታ ከጓዳ በኩል ይመጣል። አቶ ሚሳኤል ያነባሉ፤ ሰው ያንቀላፋል። ቁጥሮቹ በእውነትም ያምሩ ነበር።

ከዚያ ራሳቸው አቶ ሚሳኤል አርቅቀው ያስጨመሩኝ አንቀጽ መጣ፤ "ደፋር እርምጃ" ይሉት ነበር። "በከተማው ክልል ላም ማርባት በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቆም ይደረጋል።"

ወይዘሮ ሐሚዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ ላሞቼን ነው ያለው?"

ዓይኔን ሰነዱ ላይ ተከልሁ። ግቢያቸው ገብቼ፣ ወተታቸውን ጠጥቼ፣ ይኸን በእጄ ጽፌዋለሁ።

ጭብጨባው ተጨበጨበ። "እናመሰግናለን፤ ምሳ ተዘጋጅቷል" ተባለ። ወንበር ተንጓጓ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዚያችን እጅ መውጣት ለመንሁ።

ወጣች።

"አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ። ሰነዱ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ስለሆነ እስከ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ብቻ ነው ያነበብሁት።" መነጽራቸውን ወልውለው አደረጉ። "እዚህ ላይ የክልላችን የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች በዓመት የሚያወጡት ጭስ ተመዝግቧል። እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰርቪስ ጠፍቶ ከላፍቶ በእግሬ የምመጣበት ቀን ብዙ ነው። እነዚህ መኪኖች የት ነው የሚቆሙት?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን እንደ ጎማ ተነፈሰ፤ አዳራሹ ተከተለው። አቶ ሚሳኤል ገጹን ያገላብጣሉ። ጋሼ አባይነህ ግን አልሳቁም።

"ሁለተኛ፣ የሰነዱ ላም በቀን ሃያ አምስት ሊትር ትታለባለች። የወይዘሮ ሐሚዳ ላም ሦስት ሊትር ነው። ብዙ የምትበላና ትንሽ የምትበላ ላም እኩል አያገሱም፤ ቁጭ ብለን ቆጥረናል። ሦስተኛ፣ ላሟ ስትሄድ ኩበቱም ይሄዳል። ያን ጊዜ ድሀው ምን ያነዳል? ባሕር ዛፉን ነው። እንግዲህ ይኸ ስትራቴጂ ጭሱን የሚቀንሰው በየትኛው በኩል ነው?"

"እውነት ነው!" አሉ ወይዘሮ ሐሚዳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። "ላሞቼ የዋሆች ናቸው፤ የሰው አየር አይነኩም!"

ከበላይ የመጡት ሰው አልሳቁም። ፊታቸው ጠቆረ። "ይኸን ያዘጋጀው ማነው?" አሉ።

አቶ ሚሳኤል ላባቸውን ጠረጉ። "ክቡርነትዎ፣ ባለሙያዎች ናቸው። ይኸን ገጽ እንኳ... እድላዊት የት አለች?"

ልነሣ ስል ጋሼ አባይነህ አዩኝ። ከኔ ወደ ገጹ፣ ከገጹ ወደ እኔ። ያን ጊዜ ገባቸው። እጃቸውን እንደገና አወጡ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ።"

"ምን?" አሉ አቶ ሚሳኤል።

"ትቼዋለሁ። ቁጥር እንድሰበስብ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። በጊዜው ስላላደረስሁ ነው የሰው አገር ቁጥር የገባው። ልጅቷ የተሰጣትን ነው የጻፈችው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ሃያ ሦስት ዓመት ሲጠይቁ ኖረው፣ የዚያን ቀን መልስ ሰጡ።

ከፋይላቸው ጋር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተያያዘ። ሰነዱ ተመለሰ፤ የላሞቹ አንቀጽ ተሰረዘ፤ ቆጠራው እስኪያልቅ ስድስት ወር ተጨመረ። እኔ በጥር ቋሚ ሠራተኛ ሆንሁ።

በዚያው ዕለት ግን ኮሪደር ላይ ጠበቅኋቸው። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ የጻፍሁት። እያወቅሁ ነው" አልኋቸው። ማልቀስ ጀመርሁ።

"ለቅሶ አይቆጠርም" አሉኝ። "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ላፍቶ ነይ። በወንዙ ማዶ ያሉት ግቢዎች ይቀሩናል።"

እስከ ሰኔ ቆጠርን። ዝናብ ሲመጣ የሰው ጎተራ ስር እየተጠለልን፣ ስንጣላ እየተኮራረፍን፣ በእያንዳንዱ በር ላይ "አንዲት ትንሽ" እየተባለ፣ እኔም እያቃሰትሁ። የወጣው ሰነድ ሃያ አንድ ገጽ ብቻ ነው። አያምርም። ቁጥሩ ግን በሙሉ የራሳችን ነው፤ ከበላይ ያሉትም ያለ አንድ እርማት ተቀበሉት። የተሻሻለ ምድጃ ለእናቶች ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ከዚያ የወጣ ነው፤ ወይዘሮ ሐሚዳ ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች አንዷ ነበሩ።

ሰነዱ ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ የአዘጋጆቹ ስም ተጽፏል። የእኔ ከላይ፣ የእሳቸው ከታች። ለማተሚያ ቤቱ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ይዤው ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድሁ።

"ጋሼ፣ ለምንድነው የእኔ ስም የቀደመው?"

ቀና አላሉም። "በፊደል ተራ ነው" አሉኝ።

አባይነህ። እድላዊት። "አ" ከ"እ" እንደምትቀድም እኔም እሳቸውም ፊደል የቆጠርን ነን።