የእማዬ መሬት እና ያልታወቀችው አክስት

ጎበዝ፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ!

ሁሩታ በኩል እማዬ ከአባቷ የወረሰችው የስንዴ መሬት አለ። አሁን መሬቱ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ እየገባ ነው። አዲሱ የይዞታ ደብተር ከመውጣቱ በፊት የባለይዞታዎቹ ስም ይለጠፋል፣ ቅር ያለው ተቃውሞ ያስገባል።

የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነበር! እኔ ጎበዙ ልጅ በጠዋት ከአሰላ በሚኒባስ ከነፍኩላችሁ።

መሬት ቢሮው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ካርታ መሬታችንን አገኘሁት። ባለይዞታ፦ ጠጅቱ ጥሩነህ።

ጠጅቱ?! እማዬ እኮ የኔወርቅ ናት!

ጥሩነህ አያቴ ነው። በቃ ገባኝ፤ አያቴ በድብቅ የወለዳት ልጅ አለች! ያልታወቀች አክስት የእማዬን መሬት ልትበላ!

ደሜ ፈላ። ሁለት ገጽ ተቃውሞ ጻፍኩ። «ይህቺ አጭበርባሪ ሴት» የሚል ሁሉ አለበት። አዎ፣ በእጄ ነው የጻፍኩት።

መዝጋቢዋ ልጅ ኦሮምኛ ቀላቅላ «ኦብሲ፣ ታገስ ወንድሜ፣ ኔትወርክ የለም» ስትለኝ ጮህኩባት። «ከሴትዮዋ ጋር ተመሳጥራችሁ ነው!» ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ይባስ ብዬ ለእማዬ ደወልኩ። ሕዝቡ ግፋችንን ይስማ ብዬ ስፒከር ላይ!

«እማዬ፣ ጠጅቱ የምትባል ሴት መሬትሽን በስሟ አድርጋዋለች!»

እማዬ ሳቋን ለቀቀችው።

«አንተ! ጠጅቱ እኔ ነኛ! የኔወርቅ የሚለውን ስም አማቴ ናት ያወጣችልኝ፣ ሙሽራ ሆኜ ስገባ።»

ቢሮው በሳቅ አለቀ። ለካ የድሮው ደብተርም በጠጅቱ ነው፤ ሳጥኗ ውስጥ ሲኖር አንድ ቀን ገልጬ አላየሁትም!

መዝጋቢዋ ሳቋን እየዋጠች፣ «ተቃውሞህ ሲስተም ውስጥ ገብቶ ቢሆን መሬቱ ይታገድ ነበር። እናትህ ፍርድ ቤት ሳትቆም ደብተሯን አታገኝም ነበር» አለችኝ።

ተመስገን! ኔትወርክ በመጥፋቱ ፈጣሪን ያመሰገነ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ወረቀቱን እዚያው ቀዳደድኩት፣ ልጅቷንም ይቅርታ ለመንኳት።

ስልኩን ልዘጋው ስል እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ የለም። እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «ጠጅቱ» አልኳት። «አቤት!» አለች፣ እንደ ልጅ።

እናንተስ፣ እናታችሁ ማን ትባላለች? እርግጠኛ ናችሁ?