የጀማል ግራ እግር

ድራም መቺ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? በደርግ ዘመን ጎባ ውስጥ እኔ ነበረኝ። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ድራም መቺ ጀማል፣ ጃዝ ለመልመድ እጅና እግሩን ለየብቻ ያስተምር ነበር። ቀኝ እጁ በአንድ ምት ሲሄድ ግራ እግሩ በሌላ ይመልሳል።

"አንዱ የሌላውን መስማት የለበትም" ይለኛል። ትጋት ይሏል ይሄ ነው!

አንድ ጠዋት ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም የቀበሌውን አዳራሽ መስኮት ሸፍኖት፣ በስብሰባ ላይ ለተሰዉት ጓዶች የህሊና ጸሎት ቆመን ሳለ አጠገቤ የሆነ ነገር ወለሉን መታ። የጀማል ግራ እግር ነው።

"ኧረ አቁም፣ ያስሩሃል!" አልኩት በሹክሹክታ።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው" አለኝ፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ጎንበስ ብሎ እግሩን በሁለት እጁ ጨምቆ ያዘው። እግሩ ጸጥ አለ፤ ድምፁ ግን አላቆመም።

"ማነው የሚያንኳኳው?" ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ከመድረኩ ጮኸ።

ዓይናችን ድምፁን ተከትሎ ወደ መድረኩ ሄደ። ወለሉን የሚመታው የራሱ የሊቀመንበሩ ቦት ጫማ ነበር። እሱም አየው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጉልበቱን በመዳፉ ተጭኖ፣ "ስብሰባው ተበትኗል" አለ።

ማንም አልታሰረም። እያንዳንዳችን የየራሳችንን እግር እየጠበቅን፣ በጉሙ ውስጥ ወደየቤታችን ሄድን።